ቡትስ ያደረገው ነቢይ

«ቆይ፣ ቆይ! እስቲ ወደ ኋላ መልሰው!» አለ ፊልሙን ሊገዛ የመጣው ሰውዬ።

ተመለሰ። ነቢዩ የሕጉን ጽላት ታቅፎ ከተራራው ይወርዳል። ነፋሱ ቀሚሱን ገለብ ሲያደርገው፣ ከሥር የካውቦይ ቡትስ፣ ያውም ተረከዙ ላይ ብረት ያለው፣ ብልጭ አለ። ሰውዬው ሳቁን ለቀቀው። «ፈረሱንስ የት አሰረው?»

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ልጅ አልሳቀችም። ፕሮዲውሰሩ አባቷ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ስቱዲዮ ይዟት ስለሚውል ጉዱን ሁሉ ታውቃለች። በግማሽ ቀን የመጽሐፍ ቅዱስ ድራማ፣ በግማሹ ደግሞ በፒክአፕ የሚሳደዱ የዘመኑ ካውቦዮችን ይቀርጻል። ተዋናዮቹ እነዚያው ናቸው። ነቢዩ ዞር ብሎ ሽፍታ ይሆናል። ጺሙ እንኳ ያው ጺም ነው፤ ሙጫና ላብ ተቀላቅሎበት እርጥብ ውሻ ውሻ ይሸታል። ኤጭ! መጀመሪያ ሰሞን ያስቃት ነበር፤ አሁን ገና ስታየው ያቅለሸልሻታል።

«የአልባሿ ጥፋት ነው» አለ አባቷ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ዛሬውኑ ትባረራለች።»

አልባሿ የሚታጠቡ ጺሞች በፌስታል ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ከአፋቸው መርፌ ስለማይጠፋ ሁሉም «እትዬ መርፌ» ይሏቸዋል።

«ኧረ ጌታዬ! እኔ እኮ ነጠላ ጫማውን...»

«ዝም በይ! ልጄ እዚያው ነበረች። ንገሪያቸው የኔ ቆንጆ፣ የማን ጥፋት ነው?» አለና ጠቀሳት።

ያቺን ጥቅሻ ታውቃታለች። ለእማዬ «ስብሰባ ላይ ነበርን በያት» ሲላት የሚጠቅሳት ያንኑ ጥቅሻ ነው። አንገሸገሻት። ከጺሙ ሽታ ይልቅ ይሄ ባሰባት።

ይህ ትዕይንት በተቀረጸ ቀን የካውቦዩ ፊልም ቀድሞ ተቀርጾ፣ ነቢዩ ቡትሱን ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል፣ «ተወው! ፀሐይዋ ልትጠልቅብን ነው፤ እግር ማን ያያል!» ብሎ የጮኸው አባቷ ነበር። እትዬ መርፌ ነጠላ ጫማውን እንደያዙ ቀሩ። አሁንም መሬት መሬቱን ያያሉ።

«አባዬ» አለች። «እሳቸው ነጠላ ጫማውን ይዘው ቆመው ነበር። ‹እግር ማን ያያል› ያልከው አንተ ነህ።»

ገዢው ጉሮሮውን ጠረገ። የአባቷ ፊት ሳምባ መሰለ።

«ተነሺ! መኪና ውስጥ ግቢ!» አላት ጥርሱን ነክሶ።

ተነሳች። በአጠገቡ አልፋ እትዬ መርፌ ጋ ደረሰች።

«አንተ ሂድ አባዬ፤ እኔ በእግሬ እመጣለሁ» አለችና፣ በአንድ እጇ አፍንጫዋን ይዛ በሌላው ፌስታሉን ተቀበለቻቸው።