ያልተጮኸለት አናጢ

«ባልሽን ሞቶ ስታገኚው ለምን አልጮኽሽም?»

መርማሪው የአናጢውን ሚስት ጠየቃት። ዓይኗ ልጇ ወደተኛችበት ክፍል መጋረጃ ሄዶ ተመለሰ።

ታላቁ ጦርነት አበቃ የተባለበት፣ የሳንባው በሽታ ከተማውን ያጨደበት ዓመት ነበር። ሰው ከሰው ሲነጋገር አፉን በጨርቅ ይሸፍናል። የለቅሶ ጩኸት በተሰማበት ቤት በር ላይ ዘቦች ሳንቃ ይመታሉ፤ ውስጥ ያለው ታመመም አልታመመም አይወጣም።

አናጢው ሲነጋ በሥራ ቤቱ ወለል ላይ ተዘርግቶ ተገኘ። ታናሽ ወንድሙ «በሽታው ነው» ብሎ ሬሳ አንሺዎችን በጓሮ በር በጸጥታ አስገባ። እነሱ ግን አንገቱ ላይ የገመድ ሰንበር አይተው መርማሪውን ጠሩ። ሌሊቱን ከሕፃኗ ሌላ በግቢው የነበሩት ሚስቱ፣ ወንድሙና ሠራተኛው አያ ዝምታ ብቻ ናቸው። አያ ዝምታ የተባለው አፉ ስለማያርፍ ነው።

«እኔ እንኳ ጌታዬ ተከናንቤ ነበር» አለ አያ ዝምታ። «አይጥ ስትንኮሻኮሽ በሽታው መጣብኝ እያልኩ...»

«ስለ አይጧ አልጠየቅኩህም። ሟቹ የተጣላው ሰው ነበር?»

«ከትናንት ወዲያ ከወንድ...» ታናሽየው ቀና ብሎ ሲያየው ቃሉን ዋጠ።

«ሚስቱን ይጠይቋት!» አለ ታናሽየው። «የገዛ ባሏ ሞቶ ዓይኗ እንኳ አልረጠበም!»

«እሷን ብወስዳት ሕፃኗን ማን ይይዛታል?»

«እኔ አጎቷ አለሁ አይደል?»

ሴትየዋ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ቆመች።

መርማሪው ሥራ ቤቱን ዞረ። በግድግዳው ሥር የሬሳ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም በሚስማር የተመቱ። በዚያ ዓመት ሬሳ የሚለካበት ጊዜ አልነበረም። አንዱ ሳጥን ግን ከሌሎቹ ይረዝማል፤ ሚስማርም የለውም።

«ይህ የማን ነው?»

«የወንድሜ ነው» አለ ታናሽየው። «ዛሬ ሬሳውን ካየሁ በኋላ ሠራሁለት።»

«በሚስማር አልመታኸውም።»

«ለወንድሜ እንደነዚያ ያለ ሳጥን? ሳንቃውን ጥርስ በጥርስ ገጥሜ፣ በሙጫ ነው ያያዝኩት!»

«ሙጫው ለመድረቅ ምን ያህል ጊዜ ይፈልጋል?»

«ቀንና ሌሊት ይቀመጣል። ከዚያ በፊት የነካው ሰው አናጢ አይባልም።»

መርማሪው አውራ ጣቱን በመገጣጠሚያው ላይ ተጭኖ ጎተተ። ከዚያ ሦስቱንም በሳጥኑ ዙሪያ አቆማቸው።

«ሬሳው የተገኘው ዛሬ ሲነጋ ነው፤ አሁን ገና ረፋድ ነው። ጣቴን እዩት፣ ንጹሕ ነው። ሙጫው ድንጋይ ሆኗል። ይህ ሳጥን የተገጠመው ትናንት ጠዋት ነው፤ ያን ጊዜ ሟቹ በሕይወት ነበር።»

አያ ዝምታ አፉን የሸፈነበትን ጨርቅ አወረደ። «ውይ! ታናሽየው ለአንድ ረጅም ደንበኛ ነው ብሎን ነበር እኮ! ሟቹ ጌታዬም ጎኑ ቆሞ “እኔን ያህላል” ብሎ ሳቀ።»



«እዚያ ጥግ ያሉት ሳጥኖች ደግሞ» አለ መርማሪው፣ «በሳንቃቸው መሐል አፈር አለ። አዲስ ሳጥን አፈር ከየት ያገኛል? ከመቃብር እያወጣህ መልሰህ ትሸጣለህ። ወንድምህ ደረሰብህ፣ ተጣላችሁ፤ አፉን ሳይከፍት ዘጋኸው። በዚህ ዓመት በሽታ ነው ካልክ ሬሳ ገልጦ የሚያይ የለም። ግን በሚስማር በተመታ ሳጥን ልትቀብረው እጅህ እምቢ አለህ።»

ታናሽየው ሳጥኑን በመዳፉ ዳበሰ እንጂ አልተከራከረም።

መርማሪው ወደ ሴትየዋ ዞረ። «ብትጮኺ ኖሮ በሩን በልጅሽ ላይ ይመቱባት ነበር።»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። «አሁንስ ብጮህ... በሩን ይመቱብኛል?»

«በበሽታ አልሞተም፣ እኅቴ። ጩኺ።»

ጩኸቷ መንገድ ተሻግሮ ተሰማ። ልጅቷ ነቅታ እየሮጠች መጣች።

ታናሽየው እጁን ታስሮ ሄደ። አያ ዝምታም ጓዙን ጠቅልሎ በዚያው ሳምንት ሄደ። እናትና ልጅ እዚያው ቀሩ፤ በራቸውም ክፍት ነበር።