በሩ ሲንኳኳ ባሌ ስልክ ላይ ነበር

ይህን የምጽፈው ማንንም ላስፈራራ ብዬ አይደለም። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ወሬ ስሰማ "ሂጂ ወዲያ፣ ቅዠትሽን ለራስሽ!" የምል ደረቅ ሴት ነበርኩ። እናንተም እንደዚያ በሉኝ፣ አልቀየምም።

ግን ሆኗል። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ደጄ ሆኗል።

ማክሰኞ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ፀሐይዋ ሳሎኑን ሞልታዋለች። ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ፣ መብራት አልጠፋ... ምንም።

ባሌ ሃምሳ አለቃ ነው። ለሰላም ማስከበር ባሕር ማዶ ከዘመተ ዘጠነኛ ወሩን ይዟል። ሊመለስ ሦስት ወር ቀርቶታል። እኔና የስድስት ዓመት ልጃችን የወታደር ቤተሰቦች በሚኖሩበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን። ልብስ ሰፊ ነኝ። የደንብ ልብስ አጠብባለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ማዕረግ እሰፋለሁ። አፌ ስለማያርፍ ባሌ "መርፌዬ" ነው የሚለኝ።

ስለ ሕንፃችን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

እኛ ጋ በር አይንኳኳም።

ሽንኩርት ልትበደር የመጣች ጎረቤት እንኳን ገና ከደረጃው "እኔ ነኝ!" እያለች ነው የምትወጣው። ልጆቻችንም ይህን ያውቃሉ። ምክንያቱም የሚያንኳኩት እነሱ ብቻ ናቸው። ሁለት መኮንኖች... ሙሉ የክብር ልብስ ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው። ቀድመው ስልክ አይደውሉም። መጥተው ያንኳኳሉ።

መኪናቸው ግቢ ሲገባ ሁላችንም መጋረጃ ጀርባ ቆመን የእግራቸውን ኮቴ እንሰማለን። አንደኛ ፎቅ... ሁለተኛ... ሌላ ቤት ከገቡልን "ተመስገን" እንላለን። ከዚያ ስላልን እናፍራለን።

የዚያን ቀን ግን መኪናቸውን አልሰማሁም። የስፌት መኪናዬ እየሠራ ነበር።

ልጄ በትኩሳትና በሳል ከተኛች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ከመኝታ ቤት ሳሏ ይሰማኛል። እኔ የአንድ ኮሎኔል ኮት ይዤ፣ የሰውየው ቦርጭ ከኮቱ ቀድሞ ስላደገ ጎኑን እያሰፋሁለት ነው።

ስልኬ ጮኸ።

ባሌ!

ልቤ ዘለለች። የሚደውለው እሁድ እሁድ ነው፤ ወረፋ አላቸው። ያለፈው እሁድ ሳይደውል ሲቀር ወረፋው ተዛብቶበት ነው ብዬ ነበር።

"ምነው፣ በማክሰኞ? እንዲህ ናፈቅኩህ?" አልኩት እየሳቅኩ።

"መርፌዬ..."

በሹክሹክታ ነው።

"ወዬ! ድምፅህ ምን ሆነ?"

"በሩን እንዳትከፍቺ።"

"የቱን በር?"

"ዝም ብለሽ እንዳትከፍቺ። በሞቴ።"

"ኧረ አንተ ሰው ምን ነክቶ..."

ኳ... ኳ... ኳ።

መቀሱ ከእጄ ወደቀ።

ተነሳሁ። በሩ ጋ ደርሼ በቀዳዳው አየሁ።

ሁለት ናቸው።

አንዱ ሸበቶ፣ ሌላው ፊቱ ገና ልጅ የሚመስል። ኮፍያቸው ብብታቸው ሥር ነው። የሸበቶውን ትከሻ አየሁት፤ ማዕረጉን የምሰፋው እኔ ነኝና አልሳሳትም፣ ሻለቃ ነው። በሌላ እጁ አንድ ነጠላ ወረቀት ይዟል።

በሩን ተደግፌ ቁጭ አልኩ።

ግን... ቆይ። ቆይ እስቲ።

ባሌ ስልክ ላይ ነው እኮ!

ሳቄ መጣ። እውነቴን ነው፣ እንባዬም ሳቄም አንድ ላይ መጡ። ተሳስተዋል! የስም መመሳሰል ነው፣ ወይ ቤት ተምታቶባቸዋል። ልክፈትና "እንኩ፣ አናግሩት!" ልበላቸው ብዬ ተነሳሁ።

"አትክፈቺ አልኩሽ" አለ ባሌ በጆሮዬ።

"ሞኝ፣ ሞቷል ሊሉኝ እኮ ነው የመጡት! ራስህ አናግራቸውና ይፈሩ!" አልኩት፣ እኔም በሹክሹክታ።

"ከከፈትሽ ይነግሩሻል።"

"ይንገሩኛ! አንተ እያወራኸኝ ምን አባታቸው ሊሉ ነው?"

"ካልሰማሽው አልሄድም" አለ።

"ወዴት ነው የማትሄደው?"

"ወደ መኪናሽ ተመለሺ። የቀኝ ጎኑን ጨርሰሽ የለ? ግራው ነው የቀረሽ።"

እጄ መቆለፊያው ላይ ቀረ።

ስለ ኮቱ አልነገርኩትም። ምስል የሌለው ጥሪ ነው፤ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው። ኮቱን ያመጡልኝ ትናንት ማታ ነው።

ያኔ ሌላም ነገር ገባኝ። ሲደውልልኝ ቀድሞ ሊገባኝ የሚገባ ነገር!

የእሱ ድምፅ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ዘጠኝ ወር ሙሉ እንደዚያ ነው። አንድ ነገር እናገራለሁ፣ አንድ... ሁለት... እቆጥራለሁ፣ ከዚያ ይመልሳል። መጀመሪያ ላይ እኩል እያወራን ስንት ጊዜ ተናድደናል! በኋላ ለመድነው። ስንጣላ እንኳን ተራ ጠብቀን ነው የምንጣላው።

ዛሬ መቁጠር የለም። ከአፌ እየነጠቀ ነው የሚመልስልኝ።

"የት ነህ?" አልኩት።

"ቅርብ።"

ኳ... ኳ... ኳ።

"እህቴ" አለ ሻለቃው ከውጭ። ድምፁ የደከመ ነው። "የስፌት መኪናዎን ሰምተናል። እባክዎ ይክፈቱልን። ልናናግርዎ ነው።"

"አትመልሺላቸው" አለ ባሌ። "ይሄዳሉ።"

ድምፁ የእሱ ነው፤ የእሱ አይደለም ልል አልችልም። "መርፌዬ" ሲል የሚስባት፣ የመጨረሻዋን ፊደል የሚያረዝማት... ራሱ ነው። አሥር ዓመት አብሬው የተኛሁትን ሰው ድምፅ አላጣውም።

ልጄ ሳለች።

ከመኝታ ቤት ነው የሳለችው፣ ከተዘጋው በር ጀርባ። ደብዝዞ ሰማሁት።

በስልኩ ውስጥ ግን... ጥርት ብሎ ሰማሁት። ልክ አጠገቡ ያለች ያህል።

"አባዬ፣ ውኃ" ስትል ሰማኋት። በስልኩ።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። የመኝታ ቤቱን በር በትከሻዬ ነው የከፈትኩት።

ልጄ አልጋው ላይ ቁጭ ብላለች። ብቻዋን ናት።

ብቻዋን ናት... ግን መሐል ላይ የምትተኛዋ ልጅ ግድግዳው ጥግ ተለጥፋለች። ለሰው ቦታ እንደለቀቀች። በአጠገቧ ያለው ፍራሽ ደግሞ ጎድጎድ ብሏል። ከባድ ሰው እንደተቀመጠበት።

"ሚጡዬ... ምን እየሠራሽ ነው?"

"ሽሽ!" አለችኝ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ። "አባዬ ደክሞታል።"

ወይኔ ልጄ!

"የታለ አባዬ?" አልኳት።

ጎድጓዳውን ቦታ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። የት እንዳለ እያየሁ ለምን እንደምጠይቃት የገረማት ነው የምትመስለው።

ተንደርድሬ እጇን ያዝኩት።

በረዶ!

ለሦስት ቀን እንደ ምድጃ ስትነድብኝ የነበረች ልጅ፣ ጣቶቿ በረዶ ሆነዋል። ከንፈሯ ሰማያዊ መሆን ጀምሯል።

"ለምን በረደሽ እናቴ? ለምን?"

"አባዬ ይዞኝ ነው" አለች። "እማዬ... አባዬ ብቻውን መሄድ ፈርቷል።"

ስልኩ እጄ ላይ ነው። ጆሮዬ ላይ አላደረግኩትም፤ ግን ሰማሁት።

"በሩን ተዪው መርፌዬ። ሦስታችን እንሁን። እንደ ድሮው።"

እዋሻችኋለሁ እንዴ? አማረኝ። ለአንዲት ደቂቃ አማረኝ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ባዶ ትራስ አቅፌ ያደርኩ ሴት ነኝ። በሩን ካልከፈትኩ ባሌ አለ። ወረቀቱም አይነበብም፣ ጥቁርም አልለብስም። ይሄው፣ አልጋው ላይ ተቀምጧል፣ እያናገረኝ ነው።

ግን የልጄ ጥርስ ተንቀጫቀጨ። የጥፍሮቿን ሥር ሳይ እነሱም ሰማያዊ ሆነዋል።

እናት ነኝ፣ ምን ላድርግ?

አንስቼ ላቅፋት ሞከርኩ። አልተነሳችም። አሥራ ስምንት ኪሎ የማትሞላ ልጅ ናት፤ ከዚያ አልጋ ላይ ላነቃንቃት አልቻልኩም። በዚያ በኩል አንድ ነገር ይዟታል።

ኳ። ኳ። ኳ።

"እህቴ፣ እባክዎ!"

ካልሰማሽው አልሄድም ብሎኛል። እንግዲያው መስማት አለብኝ። ልጄን ትቼ... ትቻት ወደ በሩ ሮጥኩ። በሕይወቴ ከባዱ ሩጫ እሱ ነው፣ ከአልጋዋ እስከ በሩ ግን አሥር እርምጃ አይሞላም።

"አትክፈቺ!" ስልኩ ጮኸ። አሁን ሹክሹክታ አይደለም። "አትክፈቺ! አትክፈቺ!"

ከፈትኩት።

ሁለቱም ቀጥ አሉ። ሻለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። ስሜን ከነአባቴ ጠርቶ አረጋገጠ፣ ከዚያ የባሌን ስም ከነማዕረጉ ጠራ። ወረቀቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ስንት ቤት ይህን እንዳነበበ እንጃ፣ አልለመደውም።

"...በግዳጅ ላይ እያሉ እሁድ ጠዋት ሕይወታቸው ማለፉን በታላቅ ሐዘን..."

እሁድ። ልጄን ትኩሳት የጀመራት እሁድ ነው።

"ሰምቻለሁ" አልኩ። ለእነሱ አልነበረም። "ሰምቻለሁ! ሰማሁ!"

ስልኩ ዝም አለ።

ሻለቃው "ያጽናዎት" ሊል አፉን ከፈተ። አልጨረሰውም።

ወጣቱ መኮንን ከትከሻዬ በላይ አሻግሮ እያየ ነበር። ፊቱ ቀስ ብሎ አመድ መሰለ። ከዚያ፣ ማንም ሳያዘው፣ ኮፍያውን ደፍቶ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠ።

ሻለቃውም አየ። እሱም እጁን አነሳ።

እኔ አልዞርኩም። ብዞር ምን እንደማይ አላውቅም፣ ግን ካየሁት እንደማልችል አውቃለሁ። ዓይናቸውን ብቻ አየሁ። አራቱም ዓይኖች አንድ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ከመኝታ ቤቱ በር... በሳሎኑ... ወደ እኔ።

ከኋላዬ የባዶ እግር ኮቴ ሰማሁ። የልጅ እግር ነው።

በግራ ጎኔ ብርድ አለፈ። ተከትላው ልጄ መጣች። ደጃፉን ልታልፍ ስትል የፒጃማዋን አንገትጌ አፈፍ አድርጌ ያዝኩ። ስፌቱ ተተረተረ፤ አልለቀቅኩም።

ልጄ ቆመች። ቀኝ እጇ ግን አልቆመም።

ወደ ፊትና ወደ ላይ ተወጥሯል። ሰው እጇን ይዞ ሲጎትታት እንደሚሆነው። ጣቶቿ አንድ ነገር ጨብጠዋል፤ በእጇ ውስጥ ግን ምንም የለም።

"እማዬ፣ አንቺ አትመጪም? አባዬ ጠብቂኝ አለሽ እንዴ?" አለች። እንቅልፍ ላይ ያለች ትመስላለች።

በሁለት እጄ ወገቧን አቀፍኩ። እሱም ሳበ። እግሮቿ ከመሬት ተነሱ።

ልለምነው አሰብኩ። ላለቅስለት አሰብኩ። ዘጠኝ ወር ናልኝ ያልኩት ሰው ነው፤ ማታ ማታ "ብቻ መጥተህ ልይህ" ያልኩት ሰው ነው።

"ብቻህን ሂድ" አልኩት።

እጇ ወዲያው አልወረደም። መጀመሪያ አውራ ጣቷ ተላቀቀ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌላው። በመጨረሻ ክንዷ ወደቀ፤ ልጄም የሚፋጅ ትኩስ ገላዋን ይዛ ደረቴ ላይ ተደፋች፣ ጮኻ አለቀሰች። እንደዚያ ደስ ያለኝ ለቅሶ የለም።

መኮንኖቹ አሁንም እጃቸው ግንባራቸው ላይ ነው። ዓይናቸው ወደ ደረጃው ዞሯል። ቀስ እያለ ይወርዳል። አንድ ደረጃ... አንድ ደረጃ... እስከ መታጠፊያው።

እዚያ ሲደርስ ዓይናቸው ቆመ።

"ሄደ?" አልኩ።

ከወጣቱ ጉንጭ ላይ ላብ ሲንጠባጠብ አየሁ።

"እህቴ" አለ ሻለቃው ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። "ልጅቷን ይዘው ይግቡ። ቀስ ብለው። በሩንም ይዝጉት።"

"ለምን?"

"ወደ እኛ ዞሯል።"

ልጄን አቅፌ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄድኩ። በሩን እየገፋሁ፣ በመጨረሻዋ ክፍተት የሁለቱን መኮንኖች ዓይን አየሁ።

አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጣ።

ከዚያ... ሌላ አንድ።