ሃምሳ አለቃ ጣሰው የጠራው ቀቢ

ሃምሳ አለቃ ጣሰው ከሰማይ ወድቆ ሞተ። ሰማዩ የነገሌ ቦረና የቲያትርና የሙዚቃ ማኅበር አዳራሽ ጣሪያ ነው፤ ጣሪያውን ያየ ሰው ግን ሰማይ ቢባል አይከራከርም። ጣሊያን ለእህል መጋዘን ብሎ የሠራው ሲሆን፣ በመስኮት የገባ አሞራ ከዚህኛው ግድግዳ ተነሥቶ እዚያኛው እስኪደርስ መሐል ወራጅ ላይ አንድ አዳር እንደሚያድር በከተማው የማያውቅ የለም።

የፖሊሱ ሻምበል በላይነህ ሲደርስ ሟቹ መድረኩ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ተቀምጦባት ወደ ላይ የተሳበባት ጣውላ ሥሩ ለሁለት ተሰንጥቃለች፤ ጣውላዋን ያንጠለጠለው የቃጫ ገመድ ላዩ ላይ ተዝረክርኳል። አጠገቡ ራሺድ ተንበርክኮ ያለቅሳል። ራሺድ የሱቅ ሰሌዳ፣ የመኪና ጎን፣ የቲያትር መጋረጃ ቀለም የሚቀባ ነው፤ ከእናቱ በቀር በስሙ የሚጠራው ስለሌለ ከተማው በሙሉ «ቀቢው» ይለዋል። እጁ እስከ ክርኑ አረንጓዴ ነበር።

ሻምበል ወደ ነገሌ ከተዛወረ ገና ሦስት ወሩ ነው፤ ዝናው ግን ቀድሞት ደርሷል። ጉንዳን አይቶ ከየትኛው ጓዳ ስኳር ጠግባ እንደመጣች ይናገራል ይባልለታል። መፋቂያውን ከግራ ጥርሱ ወደ ቀኝ አዛወረና፣

«ማን አየ?» አለ።

«ያየ የለም፤ የሰማሁት እኔ ነኝ» አለች እሙሽ። እሙሽ የማኅበሩ ዘፋኝ፣ የወታደር ሚስት ናት፤ ድምጿን ስትለቅ ጦር ሰፈር የተኛ ዘበኛ ዘሎ ተነሥቶ ሰላምታ ይሰጣል። «እዚያ ጓዳ ልብስ እሰፋ ነበር። አገሩ ጭር ብሏል። ሃምሳ አለቃ መጀመሪያ ቀስ ብለው ‹ቀቢ› አሉ። ቆየት አሉና ‹ቀቢ! ቀቢ!› ብለው ጮኹ። ወዲያው ጓ! ስሮጥ ብመጣ ቀቢው ላያቸው ላይ ነው። ሟቹ ራሳቸው ጠርተውታል እኮ! ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ይፈልጋሉ?»

ቀጥሎ የተጠየቀው ጎሊቻ ነበር። የሊበን ልጅ ነው፤ ገመድ ሲጎትት በሬ ያፍራል።

«የገመዱ ሰው እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ሃምሳ አለቃ ‹መጋረጃውን በገዛ እጄ ካልሰቀልኩ› አሉ። ሳብኳቸው። ገመዱን ከግድግዳው ጀርባ ካለው ግንድ ጋር አሰርኩና መኪና ተራ ፋኖስ ልቀበል ሄድኩ። የታሰረ ገመድ ብቻውን አይፈታም።»

«ከላይ ሆኖ ግንዱ ይታያል?»

«ግድግዳ ይጋርደዋል። ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው።»

ለገሰ ደግሞ ጥሩንባ ነፊው ነው፤ ከመሐል አገር የመጣ የወታደር ልጅ። እሱ ሲነፋ ሩቅ ሜጋ ላይ ያለ ግመል ይደነብራል። «እኔ እዚሁ ጎረቤት፣ ቤቴ ጓሮ ጥሩንባዬን ስለማመድ ነበር» አለ። «ጩኸት ሰምቼ መጣሁ።» ይህን ሲል ዓይኑ ሟቹ ላይ ሳይሆን ጎሊቻ ላይ ነበር።

ራሺድን ለመጠርጠር ምክንያት አልጠፋም። ባለፈው እሑድ የማኅበሩ አለቃ ጣሰው አባላቱን ሰብስቦ «እኔ አርጅቻለሁ፤ ከእንግዲህ ማኅበሩን ራሺድ ይያዝ» ብሎ ነበር። የአዳራሹን ቁልፍ ለዘውድ በዓል ትርኢት፣ መድረክ ላይ፣ ሕዝብ እያየ ሊያስረክበው ቀጠሮ ተይዞ ነበር። በዚህ ነገር ከሻኪሶ ወርቅ ቆፋሪ እስከ ሊበን ከብት ጠባቂ ያለው ፍጥረት ለሁለት ተከፈለ። የጦር ሰፈሩ «የሱቅ ሰሌዳ ጻፊ ሊያዘን ነው?» አለ። የአገሬው ሰው «አንድ ቀን ደግሞ የእኛ ይሁን እንጂ!» አለ። አሁን ግን ሁሉም አንድ ቃል ሆኑ፦ ቁልፉን እስኪሰጡት መታገሥ አቅቶት ገደላቸው።

ሻምበልም አሰረው። የአውራጃው ገዢ ነገሩ ከበዓሉ በፊት እንዲዘጋ ስለፈለጉ፣ ራሺድ በማግሥቱ መኪና ወደ ይርጋለም እንዲላክ ታዘዘ። እዚያ የሚጠብቀው ገመድ ደግሞ መጋረጃ የሚሰቀልበት አይደለም።

«ለምን ገደልከው?» አለ ሻምበል እስር ቤቱ በር ላይ ቆሞ።

«እኔ አለቅነቱን መች ፈለግኩት? ‹ሃምሳ አለቃ፣ ይተዉኝ፤ ማን ይሰማኛል?› ብዬ እግራቸው ላይ ወድቄ ነበር። ‹ያዘው፤ ይዘኸው ትለምደዋለህ› አሉኝ።»

«ስትገባ ምን አደረግክ?»

«ገመዱ ደረታቸው ላይ ተጠምጥሞ ነበር። እሱን ፈታሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?»

«ማን ጠራህ?»

«ለገሰ። እኔ ደጅ ሁለተኛው መጋረጃ ላይ ዳዋ ወንዝን እስላለሁ። መጥቶ ‹ና፣ ሃምሳ አለቃ ይጠሩሃል› አለኝ። ብሩሼን ሳላስቀምጥ ጓ! የሚል ሰማን።»

«ለገሰ ቤቴ ነበርኩ ይላል።»

ራሺድ የደረቀውን ቀለም ከጥፍሩ ሥር ይፍቅ ጀመር። «እንግዲያው እሱ ይታመናል» አለ። «እሑድ ‹አለቃ ነህ› አሉኝ። ዛሬ ‹ሰው ነኝ› ብል ማን ይቀበለኛል?»

ሻምበል በሩን ቆለፈ። ወደ አዳራሹ ተመልሶ ገመዱን ከዳር እስከ ዳር በጣቱ ዳሰሰው። ጣሪያው ላይ ባለው ወራጅ አልፎ፣ በግድግዳው ቀዳዳ ሾልኮ፣ ከጀርባ ወዳለው ግንድ የሚወርድ ረጅም ገመድ ነው፤ ቢዘረጋ ኬንያ ይደርሳል። ግንዱ ጋ የነበረውን ጫፍ አሸተተው፤ አጎነበሰና ደግሞ አየው። ከዚያ የጎሊቻን ፋኖስ ለማጣራት ወደ መኪና ተራ ወረደ።

«አካም፣ ሻምበል! ናጋ?» ብሎ በአገሩ ቋንቋ ሰላም አለው ፋኖሱን ያመጣው ሾፌር። አዎ፣ ጎሊቻ መጥቶ ተቀብሏል። «ግን ሲበር መጣ፣ ሲበር ሄደ። ‹ሰው አስይዤ ነው የመጣሁት› እያለ ሻይ እንኳ እምቢ አለኝ።»

ሻምበል ሊሄድ ሲል፣ ከሻኪሶ የመጣ መኪና ላይ የቆመ ወዛደር የቡና ጆንያ ትከሻው ላይ አንሥቶ «ቀቢ! ቀቢ!» ብሎ ጮኸ። ሻምበል ዞሮ ቀለም ቀቢ ፈለገ። ቆርቆሮ የያዘ የለም፤ ብሩሽ የያዘ የለም። ከታች ያለው ሰው ብቻ እጁን ዘርግቶ ጆንያውን እቅፍ አደረገው።

መፋቂያው ከሻምበል አፍ ወደቀች። ነገሌ ከተቆረቆረች እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም።

ወደ ወዛደሩ ተጠጋና በጆሮው አንድ ነገር ጠየቀው። ወዛደሩ ጆንያው ላይ ቁጭ እስኪል ሳቀ። «አይ ሻምበል! ሦስት ወር እዚህ ተቀምጠው?» አለ። ሻምበል ግን አልሳቀም። ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ ሄደ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰባቸው። የሟቹ ሚስት አመለወርቅ ጥቁር ለብሳ ፊት ተቀምጣለች። ራሺድ እጁ በካቴና ታስሮ ቆሟል። እሙሽ፣ ጎሊቻና ለገሰ አንድ አግዳሚ ላይ ናቸው።

«ገመዱ አልታሰረም ነበር» ብሎ ጀመረ ሻምበል። «የቃጫ ገመድ ሰው ተሸክሞ ከታሰረ፣ ቋጠሮው ያጎበጠው ቦታ ቢፈታም እንደጎበጠ ይቀራል። የዚህ ጫፍ ግን ቀጥ ያለ ነው። ግንዱ ላይ ተጠምጥሞ፣ ጫፉን ሰው ይዞት ነበር። ጎሊቻ፣ አንተም ለሾፌሩ ‹ሰው አስይዤ መጣሁ› ብለኸዋል።»

ጎሊቻ አንገቱን ደፋ።

«የያዘው ራሺድ ነው ብንል እጁ እስከ ክርኑ ቀለም ነበር። አረንጓዴው ያለው ሟቹን የፈታበት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ጫፉ ንጹሕ ነው። አሁን መዳፋችሁን ዘርጉ።»

ዘረጉ። ሻምበል አንድ በአንድ አየ።

«ሰው ይዞት ሳለ ገመድ ቢያመልጠው መዳፉ ይላጣል። የተላጠ የለም። ስለዚህ ገመዱ ሲሮጥ ያዡ እዚያ አልነበረም። ትቶት ሄዷል። እሙሽ፣ ያን ጊዜ ጥሩንባ ሰምተሻል?»

«የምን ጥሩንባ? ጭር ብሎ ነበር አልኩዎ እኮ…» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ሁሉም ወደ ለገሰ ዞሩ። የሜጋን ግመል የሚያስደነብር ጥሩንባ እዚህ ጎረቤት አልተሰማም።

«ለገሰ ገመዱን ትቶ ወደ ራሺድ ሄደ። ‹ሃምሳ አለቃ ይጠሩሃል› አለው። መጥራታቸውን በምን ሰማ? ግንዱ ጋ ስለነበረ ነው። የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ ለምን ሄደ?» ሻምበል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጎሊቻ፣ ሃምሳ አለቃ ገመድ ላይ ሲሆኑ በምን ቋንቋ ነበር የሚያዙህ?»

«በእኛ፣ በቦረንኛ» አለ ጎሊቻ። «ደስ ይላቸው ነበር። የገመድ ቃል ሁሉ ከእኔ ነው የተማሩት። እታች ያለሁት እኔ መስዬአቸው ነው።»

«‹ያዝ› ሲሉህ ምን ይላሉ?»

«ቀቢ።»

«እኔም ስሜን የጠሩ መስሎኝ ነበር» አለ ራሺድ።

«ያዝ?» አለች እሙሽ። «ያዝ… ማለት ነው?»

ለገሰ ከአግዳሚው ተንሸራቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «‹ያዝልኝ፣ መጣሁ› ብሎኝ ሄደ። እኔ ከ‹አካም› ሌላ ቃል አላውቅም። ገመዱ ትንሽ ሸርተት ሲል ሃምሳ አለቃ ‹ቀቢ› አሉ። ራሺድን የፈለጉት መሰለኝ። ‹ተጠምጥሟል፣ ይቆያል› ብዬ ሮጥኩ። ልታዘዝ ነው የሮጥኩት፣ ሻምበል! ልታዘዝ!»

«ከዚያስ?»

«እርስዎ ሳይደርሱ ጎሊቻ የቃሉን ትርጉም ነገረኝ። ፈራን። እሱ ‹ለምን ጥለህ ሄድክ› ይባላል፤ እኔ… እኔ ደግሞ ራሺድ ከተወሰደ አለቅነቱ ለእኔ…» አልጨረሰውም። የሚያስጨርሰውም አልነበረም። ሁለት እጁን ለካቴና ዘረጋ።

ሻምበል የራሺድን ካቴና ፈታ፤ ለገሰ እጅ ላይ ግን አላጠለቀውም። ይዞት ቆመ። «የዋሸኸውን እጽፋለሁ» አለ። «የሰማኸውን ግን ምን ብዬ ልጻፍ? እኔም ያንኑ ቃል ሰምቼ ሰው አስሬያለሁ። አንተ ገመድ ለቀቅክ፤ እኔ በር ቆለፍኩ።»

እሙሽ በዚያ ሁሉ ድምፅ ፈንታ በሹክሹክታ ተናገረች። «እኔ እኮ ሰምቻቸዋለሁ። ሦስቴ። ቀቢውን ነው ብዬ መርፌዬን እንኳ አላስቀመጥኩም።»

«ጣሰው ሰው አልከሰሰም» አለች አመለወርቅ። «እርዱኝ ነው ያለው። እዚህ አገር ሃያ ዓመት ኖሬ፣ ባሌ እርዱኝ ያለበትን ቃል ከፖሊስ ሰማሁ።»

ከጥቁር ነጠላዋ ሥር የአዳራሹን ቁልፍ አውጥታ ወደ ራሺድ ሄደች። ራሺድ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«እትዬ፣ ይቅርብኝ። አልችልም። ይኸው ገደለ ብለውኝ ነበር፤ ነገ ደግሞ ሌላ ይሉኛል። ማንን ነው የምመራው?»

አግዳሚውን አየች። አንዷ ታለቅሳለች፤ አንዱ መሬት ላይ ነው፤ አንዱ አንገቱን አያነሣም። ማኅበሩ ይኸው ነበር። ወደ ጎሊቻ ዞረች።

«እንዴት ነው የሚባለው?»

ጎሊቻ በቀስታ ነገራት። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንደ እንግዳ ተደናቀፈ፤

«ቀቢ» አለችው።

ቁልፉ ከጣት አይረዝምም። በዚያች ከተማ ካለው ነገር ሁሉ ግን፣ ከግንዱም ከጣሪያውም፣ እንደሱ የሚከብድ አልነበረም። ራሺድ ግራ ቀኙን አየ። የሚቀበለው ሌላ እጅ የለም።

ያዘ።