ባሂራ የተከለችው ችካል

አንባቢ ሆይ፣ ሆድህ ቶሎ የሚባባ ከሆነ ይህን ታሪክ ለጎረቤትህ አቀብለው! በመስቃን፣ ከቡታጅራ በጋሪ በሚደረስበት መንደር፣ ሽፋ የሚባል ገበሬ ነበር። ሲያስለው ቡኢ ከተማ ያለ አውራ ዶሮ ደንግጦ ይጮኻል የሚባልለት ደረተ ሰፊ ሰው! ታዲያ ይህ ጀግና በዓለም ላይ አንድ ነገር ብቻ ይፈራ ነበር፤ መሬቱን መነጠቅ።

አንዲት ልጁ ባሂራ ጉብሬ ካለው ዩኒቨርሲቲ ጂአይኤስ ታጠና ነበር። ከሳተላይት ፎቶ ካርታ መሥራት ማለት ነው። ለመመረቂያዋ የቀዬዋን ቦረቦር መረጠች። የየዓመቱን ፎቶ ደራርባ ስታይ… ጎርፍ የሚቦረቡረው ገደል በየክረምቱ እየተሳበ ከእናቷ ጓሮ ደርሷል! ጂፒኤስ ይዛ ወደ መንደሯ ከነፈች፤ አደገኛውን መስመር ለክታ ችካል ተከለች።

«እማ፣ ከችካሉ ወዲያ እንዳታልፊ። ላዩ ሣር ነው፣ ሥሩ ግን ባዶ ነው።»

«እሺ የኔ ልጅ፣ እሱን እያየሁ እመለሳለሁ» አለች እናቷ ሳሌሃ።

ባሂራ ወደ ጉብሬ እንደተመለሰች ጎረቤታቸው ሙሀመድአወል በአጥር ላይ አንገቱን አሰገገ። «ሽፋ! ልጅህ መሬትህን ለመንግሥት አስለካችልህ አይደል? ዛሬ ችካል፣ ነገ ግሬደር!»

በዚያ ዘመን ችካል የተተከለበት መሬት ለባለቤቱ ሲመለስ ማን አይቷል? ሽፋን ላብ አጠመቀው። ሳሌሃ ገበያ በወጣችበት ችካሉን ሁሉ ነቅሎ ምድጃ ውስጥ ማገደው…

ሲዘንብ ዋለ። አመሻሽ ላይ ሳሌሃ የእንሰት ቅጠል ልትቆርጥ ጓሮ ወረደች። ችካሉን በዓይኗ ፈለገች፤ አጣችው። «ገና አልደረስኩም» ብላ ተራመደች… ምድር ከእግሯ ሥር ተናደ!

መንደርተኛው ቆፍሮ ሲያወጣት ሕይወቷ አልፏል፤ አንድ የእንሰት ቅጠል እንደጨበጠች ነበር። በርበሬ ሰውን ያስለቅሳል፤ ያን ቀን ግን የመስቃን በርበሬ ራሱ አለቀሰ ብል ማን ይከራከረኛል?

ባሂራ መርዶውን ሰምታ ደርሳ በሩ ላይ ስትወድቅ አባቷ ፊቷ ተንበረከከ።

«እኔ ነኝ የነቀልኩት…»

«አባ! ብትደውልልኝ ምን ነበረበት?»

«ፈራሁ። አንቺንም ፈራሁ፣ ልጄ። ተምረሽ የእነሱ የሆንሽ መሰለኝ።»

ከጓሮ በኩል አፈር እንደገና ሲናድ ተሰማ። ባሂራ ክንዱን ይዛ አነሳችው። «ና አባ፣ እንውጣ። አንተን ደግሞ አልቀብርም።» ያ መሬቱን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቅ ሰው በሩን እንኳ ሳይዘጋ ተከተላት።

ወይ ዕጣ ፈንታ! መሬቱን የሚወስድበት ሰው ሲጠብቅ፣ መሬቱ ራሱ ሚስቱን ወሰደበት። ይህን ክስ ለየትኛው ዳኛ ያቅርበው?…