ሳታይ «አዎ» ያለችበት ቀን

ፎቶግራፍ አንሺው ወደ መድኃኒት ቤቱ የገባው ታሞ አልነበረም። የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ክብ ባትሪ በመዳፉ ይዞ ወደ መስታወቱ ተጠጋና «የዚች ዓይነት ይኖራችኋል?» ሲል ጠየቀ።

ባትሪዋ ጆሮ የከበዳቸው ሰዎች ለመስሚያ መሣሪያቸው የሚገዟት ነበረች። ፋርማሲስቷ መሳቢያውን እየከፈተች፣ እንደ ሥራዋ ወግ፣ «መስማት ያስቸገራቸው አባትዎ ናቸው ወይስ እናትዎ?» አለችው።

«ካሜራዬ ነው።»

ቀና ብላ አየችው። «ካሜራዎ ደነቆረ?»

«ጆሮውስ ደኅና ነው። ብርሃን የሚለካበት ዓይኑ ነው የፈዘዘው። ያለዚች ባትሪ ጥላውን ከፀሐዩ አይለይልኝም።»

ሳቋን ለመደበቅ ወደ መደርደሪያው ዞረች። በሳምንቱ ያው ሰው ያንኑ ባትሪ ሊገዛ ተመልሶ መጣ።

«ዓመት ይቆያል ተብሎ እኮ ተጽፎበታል» አለችው።

«ካሜራዬ ማንበብ አይችልም» አላት።

የፍቅራቸው መነሻ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ እርሷ ከሥራ ስትወጣ በስቱዲዮው በኩል ማለፍ ጀመረች፤ መንገዷ ግን በዚያ አልነበረም።

ስቱዲዮው አንድ ክፍል ነው። በግድግዳው ላይ ግራጫ ጨርቅ ተዘርግቷል፤ ከፊቱ ጀርባ የሌላት በርጩማ ተቀምጣለች፤ ከጥቁር መጋረጃው ወዲያ ፊልም የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል አለ። የሰፈሩ ሰው ባለቤቱን በስሙ አይጠራውም፤ ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ሁልጊዜ ከሚናገራት ቃል የተነሣ «አንዴ ጠብቁ» ይለዋል። ሙሽራ አስጠብቋል፤ የሚያለቅስ ሕፃን አስጠብቋል፤ አንድ ጊዜም ከንቲባውን ያህል ሰው ዐይኑ እንባ እስኪያቀርር አስጠብቋል ይባላል።

ካሜራው ከባድና ጥቁር ነበር፤ ጠርዙ ከብዙ ዘመን አያያዝ የተነሣ ተልጦ ናሱ ይታያል። አሠራሩን ሊያስተምራት እሺ ያለው ካስለመናት በኋላ ነው። በስተግራ ያለችውን የፊልም መመለሻ እጀታ ወደ ላይ ሲስቧት የካሜራው ጀርባ ይከፈታል። የፊልሙ ቆርቆሮ በግራ ይቀመጣል፤ ምላስ የሚባለው የፊልሙ ጫፍ ተስቦ በቀኝ ባለው መጠቅለያ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ የፊልሙ ቀዳዳዎች በትንንሾቹ ጥርሶች ላይ ይሰካሉ፤ ጀርባው ይዘጋል።

«አሁን ይህችን ማስኬጃ በአውራ ጣትሽ ሳቢ» አላት አንድ ቀን። «ዓይንሽ ግን እዚህ በግራ ይሁን። ስትስቢ ይህች እጀታ መዞር አለባት። ከዞረች ፊልሙ ይሄዳል።»

«የፎቶ መቁጠሪያው ቁጥር እኮ እየቆጠረ ነው።»

«ቁጥሩን አትመኚው። ፊልም ኖረም አልኖረም ይቆጥራል። እጀታዋ ካልዞረች ስንጫን የምንውለው ባዶውን ነው።»

አውራ ጣቷ ላይ ጣቱን ጣል አድርጎ አንድ ጊዜ አብሯት ሳበ። እጀታዋ ዞረች። ጣቱን ግን ወዲያው አላነሣም።

የፋርማሲስቷ አባት በጡረታ ላይ ያሉ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። የበኩር ልጃቸው ትምህርቱን አቋርጦ መርከበኛ ከሆነበት ዘመን ወዲህ አባትና ልጅ አልተነጋገሩም ነበር። በዚያ ዓመት እናቲቱ ለምነው፣ አልቅሰው፣ ልጁን ለአንድ ቀን ወደ ቤት አስመጡት። በማግሥቱ ንጋት ወደ መርከቡ ይመለሳል። እናት የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድነት ያለበት ፎቶግራፍ።

«የማውቀው ሰው አለ፤ እኔ አመጣዋለሁ» አለች ፋርማሲስቷ፣ ትንሿ ልጃቸው። ስትናገር ፊቷ ስለቀላ እናቷ የቀረውን ሳይነገራቸው ተረዱ። ዳይሬክተሩም ሳይረዱ አልቀሩም፤ «ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከሆነ ይምጣ» አሉ።

ፎቶግራፍ አንሺው መጣ። ባለሦስት እግር ማቆሚያውን በሳሎኑ መካከል ሲተክል ካሜራውንና አዲሱን ፊልም ለእርሷ ሰጣት። «ዛሬ አንቺ ጫኚው። ፊልም በጥላ ነውና የሚጫነው ኮሪደሩ ላይ ይሻላል።»

እንደ አደራ ተቀበለችው። ምላሱን በስንጥቁ ውስጥ አስገብታ ሳትጨርስ መርከበኛው ወንድሟ ክራባቱ ተጣሞ ከመኝታ ቤት ብቅ አለ።

«ኧረ መሐንዲሷ! እኛ መርከብ ላይ ብትኖሪ ኖሮ ሳንሰጥም አንቀርም ነበር።»

«ዝም በል! ይልቅ ና ክራባትህን ላስተካክል፤ አባባ እንዲህ ሆነህ ቢያዩህ ገና በር ላይ ይጣሉሃል።»

ጀርባውን ዘጋችው። እየሳቀች አንድ ሁለቴ ሳበች።

«እጀታዋ ዞረች?» አለ ፎቶግራፍ አንሺው ከሳሎን።

«አዎ!» አለች። ዓይኗ በወንድሟ ክራባት ላይ ነበር።

ቤተሰቡ ተሰለፈ። የካሜራው መለኪያ መርፌ ብርሃኑን ለካች፤ ሌንሱ ጠራ። «አንዴ ጠብቁ» አለ። ያን ጊዜ ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ፤ ዳይሬክተሩ ፊታቸውን ሳያዞሩ እጃቸውን አንሥተው በበኩር ልጃቸው ትከሻ ላይ አኖሩት። ልጁ ደንግጦ ደርቆ ቆመ። እናት አፋቸውን በመሐረባቸው ያዙ። ካሜራው ደጋግሞ ቀጭ ቀጭ አለ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ፣ መርከበኛው ከሄደ በኋላ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ባዶ እጁን መጥቶ በሳሎኑ በር ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ። አንድም ፎቶ የለም። ፊልሙ አልያዘም።»

«አልያዘም ማለት ምን ማለት ነው?»

«ሲጫን በመጠቅለያው አልተያዘም። ከቆርቆሮው ሳይወጣ ቀርቷል።»

«የጫነው ማን ነው?»

ትንሿ ልጅ ከእናቷ ወንበር ጀርባ ቆማ ነበር። የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጇ ያዘች። ፎቶግራፍ አንሺው ወደ እርሷ አልተመለከተም።

«ካሜራው የእኔ ነው። ጥፋቱም የእኔ ነው።»

ዳይሬክተሩ ከወንበራቸው ተነሡ። «ሥራህን አታውቅም። ያስቀየመኝ አለማወቅህ አይደለም፤ ሳታውቅ ሰው ቤት መግባትህ ነው። ከእንግዲህ በዚህ ደጃፍ እንዳላይህ።»

ጎንበስ ብሎ ወጣ። እርሷ አፏን ከፈተች፤ አባቷን አየች፤ መልሳ ዘጋችው።

ከዚያ ቀን በኋላ በሥራዋ ላይ አንድ ብልቃጥ ሳታነብ ለሰው መስጠት አልቻለችም። አንብባው ደግማ ታነባለች፤ በሽተኛው «ይኸው ነው?» ሲላት «አዎ» ከማለቷ በፊት ለሦስተኛ ጊዜ ታነባለች። በቆየችበት ሙያ ያስከበራት ሳታይ አለመናገሯ ነበር። በቤቷ ግን በአንዲት ቃል ሁለት ሰው፣ እርሱንም ራሷንም፣ አዋርዳለች። ይህ አልበቃ ብሎ ከአባቷ የቀድሞ ትምህርት ቤት አንዲት መምህርት የሳል ሽሮፕ ልትገዛ መጥታ «የተማሪዎቻችንን ፎቶ ዘንድሮ አንዴ ጠብቁ አያነሣም፤ ሥራው ተወስዶበታል። አባትሽ ናቸው አሉ ሥራ አያውቅም ብለው የተናገሩት» አለቻት።

ያን ቀን ወደ ስቱዲዮው ሄደች። ሌንስ በለስላሳ ጨርቅ ሲወለውል አገኘችው።

«ለምን እኔ ነኝ አልክ?»

«ምን ልበል ታዲያ? ልጅዎ ናት ልበላቸው?»

«እውነቱ እሱ ነው!»

ሌንሱን አስቀመጠ። «እውነቱ ሙሉ አይደለም። ለሁለተኛው ፎቶ ስስብ ጣቴ ስር ቀለለኝ። ያልያዘ ፊልም እንደዚያ ነው፤ ይቀላል። አውቄዋለሁ። ካቆምኩ አባትሽ እጃቸውን ከወንድምሽ ትከሻ ላይ ያነሣሉ ብዬ ፈራሁ፤ ደግሞ በሁሉ ፊት ካሜራውን ብከፍተው አንቺ ትዋረጃለሽ። እንዲሁ መጫኔን ቀጠልኩ። ማታውንም ከፍቼ ማየት እችል ነበር፤ አልደፈርኩም። ነግቶ ወንድምሽ ከሄደ በኋላ ከፈትኩት። እኔም የምታፍሪብኝ ሰው ነኝ።»

«አንተ ግን ተናገርክ።»

«ዘግይቼ።»

«እኔ ዘግይቼም አልተናገርኩም።»

ይህን ስትል ድምፁ እንዲያጽናናት ጠብቃ ነበር። አላጽናናትም። «የጎዳኝ ፊልሙ አይደለም» አላት ዝግ ብሎ፤ «ስጠይቅሽ ሳታይ አዎ ማለትሽ ነው። ሌላ ቀን ሌላ ነገር ብጠይቅሽስ?»

ወደ በሩ ዞረች። ወጣች።

አባቷ በረንዳ ላይ ጋዜጣ ያነቡ ነበር። ፊት ለፊታቸው ቆመች፤ ተማሪያቸው ብትሆን ኖሮ እንደምትቆመው እጆቿን አጣምራ።

«አባባ፣ ያንን ፊልም የጫንኩት እኔ ነኝ። እጀታዋ ዞረች ወይ ብሎ ጠይቆኝ፣ ሳላይ አዎ አልኩት።»

ጋዜጣው ዝቅ አለ። «እኔ ስናገረው የት ነበርሽ?»

«እማማ ወንበር ጀርባ።»

«እየሰማሽ?»

«እየሰማሁ።»

ዳይሬክተሩ ጋዜጣውን አጠፉት፤ ዘረጉት፤ እንደገና አጠፉት። የጠበቀችውን ቁጣ አላገኘችም፤ ይህም ከቁጣ ይልቅ ከበዳት። በመጨረሻ «እኔም ማን ጫነው ብዬ የጠየቅሁት መልስ ለመስማት አልነበረም» አሉ፤ ለእርሷ ይሁን ለራሳቸው አልታወቀም። ገብተው ኮታቸውን ለበሱ። «ነይ አሳዪኝ ፎቶ ቤቱን።»

መንገዱን ሁሉ ከእርሷ አንድ እርምጃ ቀድመው፣ ቀጥ ብለው፣ በየመታጠፊያው እየጠበቋት ሄዱ። ስቱዲዮው ሲደርሱ ፎቶግራፍ አንሺው ደንግጦ ብድግ አለ። ዳይሬክተሩ ሰላምታውን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው መልሰው በርጩማዋ ላይ ተቀመጡ።

«ፎቶ ልነሣ ነው የመጣሁት» አሉ።

«እሺ ጋሼ።»

ካሜራውን አነሣና፣ ጥቂት አመንትቶ፣ ለእርሷ አቀበላት። በመጋረጃው ጥላ ቆማ ጫነች። ሳበች፤ አየች፤ ዳግመኛ ሳበች፤ አየች። ማቆሚያው ላይ አሰረችውና ዓይኗን ወደ ማያው አስጠጋች። በማያው መካከል የአባቷ ዓይን ለሁለት ተከፍሎ ታየ፤ ሌንሱን ቀስ ብላ ስታዞረው ግማሾቹ ተጋጠሙ።

«ትምህርት ቤቱ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ» አሉ ዳይሬክተሩ፣ ፊታቸውን ወደ ካሜራው እንዳቀኑ። «ስለ አንተ የተናገርኩትን በተናገርኩበት ቦታ እመልሰዋለሁ። ዕድሜ ልኬን ልጆችን ሳልጠይቅ አልቀጣም እያልኩ…»

አልጨረሱትም። በማያው ውስጥ የጠራው ዓይናቸው በእንባ ተሞላ። ጣቷ በቁልፉ ላይ ነበር፤ መርፌዋ በቦታዋ ቆማለች፤ ብርሃኑም ከዚያ በፊት እንዲህ አምሮ አያውቅም። እጇን አወረደች። ፎቶግራፍ አንሺው ለምን ብሎ አልጠየቃትም፤ ከጎኗ ቀርቦ በሌንሱ ላይ ክዳኑን አኖረበት።

«ምነው?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ይህን አናነሣውም፣ አባባ» አለች።

አዛውንቱ መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ጠረጉ፤ መልሰው በሥርዓት አራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ተነሡ። በር ላይ ሲደርሱ ወደ ኋላ ሳይመለከቱ «ራት ላይ ሁለታችሁም እንዳትዘገዩ» አሉ፤ ወጥተውም በሩን በገዛ እጃቸው ዘጉላቸው።

ሁለቱም አንገታቸውን እንደደፉ ቆዩ። ቀድማ ቀና ያለችው እርሷ ናት።

«ሌላ ቀን ብጠይቅሽስ ያልከውን አሁን ጠይቀኝ» አለችው።

«ታገቢኛለሽ?» ሲል ጠየቃት። ወዲያው አልመለሰችለትም፤ በመጀመሪያ ፊቱን፣ ዓይኑን፣ ግንባሩን፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ ረጅም ጊዜ፣ አየቻቸው።