አንቀጽ ስድስት ላይ የተጨመረችው ጭረት

አስተርጓሚው አፖሊናርዮ በማካው የድርድር ቤት፣ ከጽሕፈት ጠረጴዛው ሥር ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የፈነከተው የቀለም መበጥበጫ ድንጋይ አጠገቡ ወድቋል። ከትናንት ጀምሮ አውሎ ነፋሱ ስለበረታ በርና መስኮቱ በሳንቃ ተቸንክሮ ነበር። የገባም የወጣም የለም።

ከሟቹ ጋር የተዘጋባቸው አራት ናቸው፤ የፖርቱጋል ልዑካን ጸሐፊ ቴይሸይራ፣ የቻይና ወገን ጸሐፊ ሎክ፣ የቤቱ ባለቤት ዶና ኡምቤሊናና ቻይናዊው መርማሪ ሹም አው።

«ድንጋዩ የማን ነው?» አሉ ሹሙ።

«የእኔ» አለ ሎክ፤ ላብ አጥምቆታል። «ግን ጌታዬ፣ በራሴ ድንጋይ ገድዬ እዚሁ የምጥለው ጅል እመስላለሁ?»

«ትመስላለህ። መምሰል ብቻውን ግን አያሰቅልም።»

«ከሬሳ ጋር እስከ መቼ ልንቀመጥ ነው? መተንፈሻ እንኳ የለም!» አለች ዶና ኡምቤሊና። ሟቹ ቁርስ ላይ «የጉምሩክ ውሉን አንድ ሰው ነካክቶታል» ማለቱን ለሹሙ የነገረቻቸውም እሷ ናት። ከሹሙ በቀር ሁሉም ሰምተውታል።

«እኔ ቻይንኛ አላነብም፣ አልሰማም» አለ ቴይሸይራ በፖርቱጋልኛ። «ምኑን ልነካካ?»

ሹም አው የቻይንኛውን ቅጂ ወደ ፋኖሱ አስጠጉ። አንቀጽ ስድስት የቻይና ኬላ ከወደቡ አሥር ሊ፣ በቻይናውያን የርቀት መለኪያ፣ ርቆ ይቁም ይላል። ሁለቱ ወገኖች ሁለት ወር ተጨቃጭቀው የተስማሙት ግን በአንድ ሊ ነበር። ወረቀቱን በጣታቸው ዳሰሱት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሰብስበው በፖርቱጋልኛ ተናገሩ።

«በቻይንኛ ‹አንድ› አግድም መስመር ነው። ቁልቁል ጭረት ሲጨመርበት ‹አሥር› ይሆናል። አግድሙ በብሩሽ ተጽፏል፤ ቁልቁሉ ግን ወረቀቱን ቧጥጦታል፤ የብረት ብዕር ነው። ሎክ ቢሆን በብሩሹ ይስባት ነበር፤ ማንም አይለያትም። እመቤቲቱ ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ ፊደል አልቆጠሩም።»

«ነገርኩዎ እኮ፣ ቋንቋውን አላውቅም!» አለ ቴይሸይራ።

ሹሙ ወደ ሎክ ዞረው፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ በቻይንኛ፣ «በፖርቱጋሉ ጸሐፊ ኮሌታ ላይ መቶ እግር እየወጣ ነው» አሉት።

የቴይሸይራ እጅ ወደ አንገቱ ተወረወረ። እዚያው ደርቆ ቀረ። ኮሌታው ላይ ምንም አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ አልካደም። የጀልባ ሰዎች ከሚባሉት፣ ውሃ ላይ ከሚኖሩት ቻይናውያን አንዲት ልጅ በድብቅ ካገባ አራት ዓመቱ ነው፤ ቋንቋውንም ያስተማረችው እሷ ናት። ወንድሞቿ ኦፒየም ያመላልሳሉ። ኬላው ቅርብ ከቆመ ይያዛሉ፤ ከተያዙ አንገታቸው ይቀላል።

«አስተርጓሚውን ዝም በል ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለኝ። መሄጃ አጣሁ።»

ሹም አው ውሉን ጠቀለሉ። ቴይሸይራ ቀና ብሎ በጀልባ ሰዎች ቻይንኛ፣ «ሚስቴ ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማ። እርስዎ ይንገሯት» አላቸው።

«ማን ልበላት?»

«አሆይ» አለ። በሰው ፊት ስሟን ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር።