ከሟቿ ጎን የቆመው ብልቃጥ

ትርንጎ ደምሴ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የላቦራቶሪውን በር ከፈተች፣ ቦርሳዋን ሰቀለች፣ ጋዋኗን አጠለቀች፣ ከዚያም እንደ ሁልጊዜው የማቀዝቀዣውን ቅዝቃዜ አይታ መዝገቡ ላይ ጻፈች። በዚህ የመንግሥት የወንጀል ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ መርዝ ስትፈልግ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የሰው ደም፣ የሰው ጉበት፣ ከሰው ሆድ የወጣ ነገር በብልቃጥ ታሽጎ፣ የፖሊስ ደብዳቤ ተያይዞበት ይመጣላታል፤ ሟቹ ምን ቀምሶ እንደሞተ ማወቅ የእሷ ፈንታ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ እስከ ግማሹ ነጭ ቀለም ስለተቀባ ፀሐይ በወጣበት ቀንም ብርሃኑ የደመና ብርሃን ይመስላል፣ የበረኪናው ሽታ ግድግዳው ውስጥ ከገባ ቆይቷል፣ ጥግ ላይ የቆመው ማቀዝቀዣም ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ይውላል። ትርንጎ ለምዳዋለች።

ያልለመደችው አንድ ነገር ነበር። መርዝ ያለበትን ደም ለመለየት መርዝ የሌለበት ንጹሕ ደም ከጎኑ መመርመር አለበት፤ ንጹሕ ደም ግን ከላይ አይላክም። ስለዚህ ሠራተኞች በየተራ ከክንዳቸው እንዲሰጡ ተወስኖ፣ የተራው ወረቀት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ተራ ይሉታል እንግዲህ! አንዱ ደም ማነስ አለብኝ ይላል፣ ሌላዋ መርፌ ሳይ ያዞረኛል ትላለች፣ የክፍሉ ኃላፊ ኮማንደር ልሳነወርቅ ደግሞ ተራው በደረሰ ቁጥር ስብሰባ አያጣም። የሚወጋው ሁልጊዜ የትርንጎ ክንድ ነው። የዚያን ዕለትም ጥርሷን ነክሳ ክንዷን በላስቲክ አሰረችና ከራሷ ቀዳች።

ከጎኑ የሚመረመረው ደም የውብአለም ነበር። ውብአለም የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ነበረች። ባሏ የታወቀ የእህል ነጋዴ ነው፤ ከከተማው ሹም ግማሹ የሱን ቤት ማዕድ ያውቀዋል። «ሆዷን አሟት ሞተች» ብሎ በማግሥቱ ሊያስቀብራት ሲል እናቷ እትዬ ማንጠግቦሽ ሬሳው ላይ ወድቀው አላስነሣም አሉ፣ ፖሊስ እስኪመጣም አልተነሡም። አሁን የላቦራቶሪው በር ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር አይጠፉም። ዓርብ ጠዋት ችሎት አለ። ወረቀቱ መርዝ ካላለ፣ እሳቸው ዘንድ ያለችው የሁለት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ለአባቷ ትሰጣለች።

«ልጄን በላት» አሏት ትርንጎን፣ እጇን ጨብጠው። «ለልጇም ያው ነው የኔ ልጅ። እኔ የማምነው አንቺን ነው።»

እኩለ ቀን ላይ ማሽኑ ወረቀቱን ተፋ። የፀረ ተባይ መርዝ፤ ልኩ ሰማንያ። የትርንጎ ደም ግን ምንም የለበትም። «አገኘሁሽ!» አለች ጮክ ብላ፣ ብቻዋን መሆኗን ረስታ፣ ወረቀቱንም ይዛ ወደ ኮማንደሩ ቢሮ ገሰገሰች።

ኮማንደር ልሳነወርቅ ወረቀቱን አየ፤ ደስ ያለው አይመስልም። «ደንቡን ታውቂያለሽ» አላት። «ሁለት ቀን፣ ሁለት ምርመራ፣ ሁለት ፊርማ። ነገ ድገሚውና እንተያያለን።»

ማክሰኞ ማቀዝቀዣውን ስትከፍት መጀመሪያ የተቀበላት ሽታው ነው፤ እንደተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ያለ፣ ከሥሩ ጋዝ ጋዝ የሚል፣ ከታሸገ ብልቃጥ ሊወጣ የማይገባው ሽታ። የውብአለምን ብልቃጥ በመደርደሪያው ግራ ጫፍ፣ የራሷን በቀኝ ጫፍ ማቆሟን አትጠራጠርም፤ አሁን ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነዋል። ሌሎቹ ሁሉ በረዶ ለብሰዋል፣ የሟቿ ብልቃጥ ግን ደረቅ ነው፤ በጓንቱ ላይ እንኳ ለብ ብሎ ተሰማት። ጽዳት የምትሠራዋ ነክታው ይሆናል ብላ ተበሳጨችና ሥራዋን ቀጠለች።

የሟቿ ደም አርባ አለ። የእሷም አርባ አለ።

ራሷን ነበር የረገመችው። ዕቃው ተነካክቷል፣ አንዱ ካንዱ ተቀላቅሏል፣ የጀማሪ ስሕተት ነው፤ በአሥራ ስድስት ዓመት አንድም ቀን ያልሠራችው ስሕተት! ያለውን ብልቃጥ ሁሉ አጥባ፣ ጠረጴዛውን በበረኪና ፈትጋ፣ ማቀዝቀዣውን ቆልፋ ቁልፉን ጡቷ ሥር ሸጉጣ ወደ ቤቷ ሄደች። ስትወጣ እትዬ ማንጠግቦሽ ከአግዳሚው ብድግ አሉ፤ ምን እንደምትላቸው ስለጠፋት በጓሮ በኩል ዞረች።

ረቡዕ ቁልፉ እንዳለ ነው፤ ብልቃጦቹ ግን እንደገና ተጠጋግተዋል። የሟቿ ደም ወደ ሃያ ወርዷል። ትርንጎ የትናንቱን የራሷን ደም ደፋችና አዲስ ቀዳች፤ ማቀዝቀዣ ሳይገባ፣ ከክንዷ ትኩሱን ወደ ማሽኑ አስገባችው። ስልሳ አለ። ቆማ ቁጥሩን እያየች መጀመሪያ አፏ በምራቅ ሞላ፣ ቀጥሎም ላብ ከጋዋኗ ሥር በጀርባዋ ወረደ፤ ወደ እጅ መታጠቢያው መስታወት ሄዳ ዓይኗን ስታየው ብሌኗ ጠብቦ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። ይህን ምልክት ለፖሊሶች ስታስተምር ኖራለች። የበረደ የሬሳ ደም መርዙን በየቀኑ ግማሽ ግማሹን አያወጣም፤ እንዲህ የሚያደርገው በሕይወት ያለ ሰው ነው፣ በሕይወት ያለ ሰውም መርዙን ወደ ሌላ ሰው አያሻግርም። ከውብአለም የጎደለው ሁሉ ሳይባክን እሷ ውስጥ ነበር።

ሐኪም ቤት ልሂድ ብላ ቦርሳዋን አነሣች። ከሄደች ግን ኮማንደሩ ባዶውን ደም ይዞ ፋይሉን ይዘጋዋል፤ ሕፃኗም ትሄዳለች። ቦርሳዋን መለሰችው። «ምን አድርጌሽ ነው እኔን?» አለች በንዴት ወደ ማቀዝቀዣው ዞራ። «የገደለሽ እያለ! የሚሸፋፍንለት እያለ! ደሜን ሰጠሁሽ እንጂ ምን በደልኩሽ?» ማጉረምረሙ ቀጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ከተዘጋው በር ጀርባ፣ ሰው ሲውጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ አንድ ጊዜ ተሰማና ማቀዝቀዣው እንደገና ማጉረምረም ጀመረ።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ኮማንደሩ ተጽፎ ያለቀ ደብዳቤ ይዞ መጣ። «በናሙናው ላይ መርዝ አልተገኘም» ይላል። የእሱ ፊርማ አርፎበታል፤ የቀረው የእሷ ነው።

«መዝገቡን አይቻለሁ፤ ልኩ በየቀኑ እየወረደ አይደል እንዴ? በቃ የሰኞው ስሕተት ነበር» አላት። «ሰውየው ደግሞ የተከበረ ሰው ነው። የሰው ስም በከንቱ አናጥፋ ትርንጎ። ነይ ፈርሚ።»

እሷ ስድስት ዓመት ሙሉ የዋጠችው ንዴት ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ። ይህ ሰው እናትየዋ በር ላይ ፀሐይ ሲመታቸው እያየ በመኪናው አጠገባቸው ያልፋል! በጥፊ ልትለው እጇ ተነሥቶ ነበር። ነገር ግን ዓይኗ የተራው ወረቀት ላይ አረፈ፣ ያን ጊዜም ንዴቷ ሳይበርድ ድምፅዋ ብቻ ዝቅ አለ።

«እሺ። ደንቡ እንዲሟላ አንድ ጊዜ ልድገመው» አለች። «የኔ ደም ተበላሽቷል። ተራው የእርስዎ ነው።»

ኮማንደሩ ሳቀ። ፊርማዋን ሊያገኝ ነውና እጅጌውን ጠቀለለላት። «ቀስ ብለሽ እንግዲህ፣ መርፌ አልወድም» አላት፤ ቀስ አለች። ከሄደ በኋላ የራሷን ደም የቀረውን ሁሉ መታጠቢያው ውስጥ ደፍታ በረኪና አፈሰሰችበት፤ የእሱን ብልቃጥ ወስዳም ከውብአለም ጎን አቆመችው፣ እስኪነካካ ድረስ አስጠግታ። ማንም አላዘዛትም። በሩን ዘግታ ጆሮዋን ስትለጥፍ ያ ድምፅ መጣ፤ አሁን ግን አንድ ጊዜ ብቻ አልነበረም፣ ጠምቶት የቆየ ሰው ውኃ እንዳገኘ እያከታተለ ይጎነጭ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ስትነቃ አፏ ደርቋል፣ ዓይኗ ደኅና ነው፣ ርቧታል። ላቦራቶሪ ደርሳ የውብአለምን ደም መረመረች፤ ምንም የለውም። የኮማንደሩን መመርመር አላስፈለጋትም፤ ራሱ በሩን ተደግፎ ቆሟል፣ ሸሚዙ በላብ ከገላው ተጣብቆ፣ ምራቁ በአገጩ እየወረደ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ።

«ምን… ምን አደረግሽኝ?»

«ይቀመጡ» አለችው፤ ወንበርም ሳበችለት። ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። አንዱ የሰኞው ነው። ሁለተኛው ላይ የማክሰኞን ቀን ጽፋ፣ ከሥሩም ሰማንያ ብላለች፤ በአሥራ ስድስት ዓመት የመጀመሪያው ውሸቷ ነው። «ምን እንደያዘዎት እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ማርከሻ አለው። ሐኪም የመርዙን ስም በጊዜ ከሰማ ይተርፋሉ። ይፈርሙ።»

«ትነግሪያቸዋለሽ?»

«ይፈርሙ አልኩ እኮ!»

ፈረመ። ፊርማው እየተጎተተ ከመስመሩ ወጣ እንጂ ፊርማው ነበር። ማኅተሙን ራሷ አደረገችበት፣ አሽጋም ውጤቱን ሊወስድ መጥቶ በሩ ላይ ለቆመው ፖሊስ ሰጠችው። እትዬ ማንጠግቦሽ ምንም ሳይጠይቁ ፊቷን ብቻ አዩና እልል አሉ፤ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ከፖሊሱ ጋር ወደ ፍርድ ቤት ሮጡ። ሕፃኗ ከአያቷ ጋር ትቀራለች። ትርንጎ ይህን እያሰበች ደስታውን ጠበቀችው፤ ግን ንዴቱ የነበረበት ቦታ ላይ እንዳለ ነው፣ ሰኞ ከነበረውም ብሶበታል።

አምቡላንሱ ሲደርስ ኮማንደሩ ወለሉ ላይ ነበር። ትንፋሹ ሲር ሲር ይላል፤ ምላሱ አልታዘዝ ብሎት የሚናገርለት ዓይኑ ብቻ ነው፣ ዓይኑም ትርንጎን ትቶ ወዴትም አይሄድም። ከአምቡላንሱ የወረደው ለሥራው አዲስ የሆነ ነርስ ተንበርክኮ የልብ ምቱን እየቆጠረ ቀና አለ።

«ምን ነክቷቸው ነው? እርስዎ የመርዝ ባለሙያ ነዎት አሉኝ፤ ምን እንደሆነ ከነገሩኝ አሁኑኑ እወጋቸዋለሁ።»

ትርንጎ ጓንቷን ቀስ ብላ አወለቀች፣ የኮማንደሩንም ዓይን እያየች «እንጃ ልጄ» አለች፤ «ናሙና ይላኩልንና እንመረምረዋለን።»